ተራራው ያላሳለፈው ዝናብ

የዝናብ መለኪያ ጣቢያው ኃላፊ ሞቶ የተገኘው ጠዋቱን ሙሉ ሲወርድ ያረፈደው ዶፍ ካባራ በኋላ ነው። ከጣቢያው ማማ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ያ ሁሉ ውሃ ፊቱ ላይ ሲወርድበት ማርፈዱ አንጀት ይበላል። ያገኘው ረዳቱ «አዳልጧቸው ነው» አለ። ወደ ቤቱ ለቸኮለው ፖሊስም ይኸው ይሻለው ነበር።

መርማሪዋ ግን አልተዋጠላትም። የሰማችውን ሁሉ ስለምታጣራ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ግቢው ማጥ ሆኖ ሳለ የሟቹ ጫማ ጭቃ አልነካም። መነጽሩ ታጥፎ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዓይኖቹም ተከድነዋል።

ሚስቱን ቢሮው ውስጥ አገኘቻት።

«የተጣላው ሰው ነበር፣ እህቴ?»

«ከረዳቱ ጋር ስለ ሥራ ይነታረካሉ፣ ግን ምሳ የሚበሉት አብረው ነው። ወንድሙ ብቻ አኩርፎታል። ከተራራው ማዶ ያለው መሬት ዝናብ አያገኝም፣ ልጆችህን ይዘህ እኛ ጋ ና ቢለው፣ የአባታችንን መሬት ልታስነጥቀኝ ነው አለ። ባለቤቴ ደግሞ ቦታው ለእርሻ አይሆንም ብሎ ለመንግሥት ሊያሳውቅ ነበር።»

ወንድምየው መርዶውን ሰምቶ እያለቀሰ ደረሰ።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ተራራው ማዶ።»

«እዚያስ ዘነበ?»

«እንዴታ! ልጆቼ ዝናቡ ውስጥ ሲዘሉ በር ላይ ቆሜ ሳይ ነበር።» ይህን ሲል ፊቱ ለአፍታ ፈካ።

ወንፊት ወጥታ ስልክ ደወለች። ስትመለስ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«እስኪ ይንገሩን፣» አለችው ረዳቱን። «ይህ ሁሉ ዝናብ ማዶ ይደርሳል?»

«በዚህ ነፋስ አይደርስም። ነፋሱ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል፤ ተራራው ሽቅብ ሲገፋው ይቀዘቅዝና እዚሁ ያራግፈዋል። ማዶ የሚሻገረው ደረቁ ነው። በአንድ አገር አንዱን ጎርፍ ሲወስደው ሌላው ሰማይ ሰማይ የሚያየው አንድም ለዚህ ነው። ጋሼ ያስተማሩን ይህንኑ ነው።»

«የሟቹ ጫማ ጭቃ ስላልነካ ማማው ላይ የወጡት ከዝናቡ በፊት ነው» አለች ወንፊት። «ደረጃው ደረቅ ነበር። የወደቀ ሰው ደግሞ መነጽሩን አጥፎ ኪሱ አይከትም፣ ዓይኑንም ራሱ አይከድንም። የጣላቸው ሰው ይወዳቸው ነበር።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ማዶ ላለው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ደውዬ ነበር። ዛሬ ጠብ አላለም። ቤትዎ ቢውሉ ኖሮ ይህን አያጡትም ነበር። ዝናቡን ያዩት እዚህ ሆነው ነው፤ ይህን ያህል ከወረደ ለእኛም ደርሷል ብለው አመኑ።»

ወንድምየው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«እንዳያሳውቅብኝ ለመንኩት፣ እምቢ አለኝ። አንዴ ነው የገፋሁት። ወርጄ ብጠራው አልመለሰልኝም። ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። አየህ፣ ዘነበ እኮ! እያልኩት አለቀስኩ።» ቀና ብሎ የወንድሙን ሚስት አያት። «እትዬ፣ እውነት እኛ ጋ ጠብ አላለም?»

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ሚስትየው በመስኮቱ አየችው። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደ ረዳቱ ዞረች።

«መኪናውን አስነሣልኝ» አለችው። «ልጆቹን እናምጣቸው።»