የአባባ ኃይሉ ተረከዝ

«ለመላው ሠራተኛ፦ የዚህ ቤት የአኪለስ ተረከዝ ፍሪጁ ነው። ስም ያልተጻፈበት እርጎ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ርኅራኄ ይወገዳል። ዋለ፣ ሥራ አስኪያጅ።»

ይህ ታላቅ አዋጅ በሴንት ሉዊስ ፓርክ ከተማ ስድስት አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ፍሪጅ ላይ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መርማሪ ኢቢሴ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ወደ አስከሬኑ ሄደች። የአባባ ኃይሉ ከንፈርና ጉሮሮ አብጧል። አጠገባቸው የኦቾሎኒ ቅቤ የገባበት የአጃ ገንፎ በግማሽ ቀርቷል።

ያጎረሰቻቸው ብዙነሽ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች።

«በእጄ ገደልኳቸው» አለች። «የአስታማሚነት ላይሰንሴን ውሰዱት። ከታሰርኩ ግን ልጆቼን ከትምህርት ቤት ማን ፒክ ያደርግልኛል? ከእኔ ሌላ ሰው የላቸውም።»

«ኦቾሎኒውን ለምን ጨመርሽ?»

«ለተረከዛቸው ነዋ። ቆስሎ ነበር። ልጃቸው በእንግሊዝኛ የጻፈችውን አይቼ ጋሽ ዋለን ብጠይቃቸው፣ ‹ለተረከዙ ፍቱን ነው፣ ቁርሱ ላይ ጨምሪለት› አሉኝ።»

ወረቀቱ ፋይሉ ውስጥ ነበር፦ ኦቾሎኒ የአባቴ የአኪለስ ተረከዝ ነው።

ልጃቸው ቤዛዊት ከፕሊማውዝ ስትደርስ መኪናዋን እንኳ አላጠፋችም።

«አለርጂ አለበት ማለቴ ነበር» አለች። «የግሪኮች ተረት ነው። እናትየው ልጇ አኪለስ እንዳይሞት አስማተኛ ወንዝ ውስጥ ስትነክረው ተረከዙን ይዛው ነበር። ውሃ ያልነካው እሱ ብቻ ስለሆነ እዚያው ተወግቶ ሞተ። ደካማ ጎን ለማለት እዚህ ሁሉም ይለዋል። ምናለ አለርጂ ብዬ ብጽፍ?»

«አባትሽ በቅርብ ደውለው ነበር?»

«ትናንት። ‹ነገ ስትመጪ እግሬን አሳይሻለሁ› አለኝ። ስልኩን የያዘለት ዋለ ነው።»

ኢቢሴ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ከቁርጭምጭሚታቸው እስከ ተረከዛቸው ቆዳቸው ዙሪያውን እንደ ቀለበት ተልጧል።

ዋለ ሻዩን እያማሰለ ጠበቃት።

«እኔም እንደ ብዙነሽ ነው የመሰለኝ። እንግሊዝኛችንን ያውቁት የለ? አኪለስ የሚባል ሰውዬ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።»

ኢቢሴ ሦስቱንም ማድቤት ሰበሰበቻቸው።

«ብዙነሽ አልገባትም። ያየችው ቁስል ነው፣ ወረቀቱም ተረከዝ ይላል፤ ማንም ይሳሳታል። ቤዛዊት አባቷን መግደል ብትፈልግ በምን እንደሚሞት ጽፋ አትሰጥም። የቀረው አስተርጓሚው ነው።» አዋጁን ከፍሪጁ ላይ ነቀለችው። «አቶ ዋለ፣ ይህ ፍሪጅ የት ጋ ነው ተረከዙ?»

ዋለ ማማሰሉን አቆመ።

«ደካማ ጎን ማለት እንደሆነ ከሦስት ሳምንት በፊት ያውቁ ነበር። ቁስሉ የገመድ ነው። አልጋቸው ላይ አስረዋቸዋል። ነገሩ ዛሬ ልጃቸው ፊት ሊገለጥ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ለብዙነሽ አጣመው ተረጎሙላት፤ ጥፋቱ የአለማወቅ እንዲመስል፣ እጁም የእሷ እንዲሆን።»

ቤዛዊት ወደ አባቷ ክፍል ሮጠች። ብዙነሽ ግን ተነሳች። አራት ዓመት ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችው ሰው ፊት ቆመች።

«ልጆቼን ታውቃቸዋለህ። ልደታቸው ላይ ኬክ ቆርሰሃል። በእኔ እጅ ለምን?»

ዋለ ሻዩን ፉት አለ።

«አላብራራም» አለ።