አንበሳ ሊሆን የነበረው ሰው

ሄርማድዮን ሦስት ጊዜ «ተነሣ» ተባለ። አልተነሣም።

በኦስቲያ ወደብ ከገመድ መጋዘን ሥር ባለው የሚትራ አምልኮ ዋሻ ውስጥ አንበሳ የሚባለውን ማዕረግ ሊቀበል የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ይሞታል። መዳፉንና ምላሱን ማር ይቀቡታል፣ ዓይኑን ይሸፍኑታል፣ እጁን በዶሮ አንጀት ይጠፍሩታል፣ ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ አጋድመው ጨርቅ ይጥሉበታል። የዋሻው አባት ሲጠራው አንጀቱን በጥሶ ይነሣል። አሮጌው ሰው ቀርቶ አዲሱ ወጣ ማለት ነው። ሄርማድዮን ግን የምሩን ሞቶ ተገኘ።

«አምላክ አልተቀበለውም» አለ ቱቤሮ፣ የዋሻው ብቸኛ አንበሳ።

የዋሻው አባት ስካፑላ የገመድ ነጋዴ ነው፤ በአምላክ ማመካኘት አልጣመውም። እጁን ያሰረው የራሱ ባሪያ ትሮፊሞስ ስለነበር ነገሩ ለእሱ ያለቀ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ለዳኛው ገራፊዎች ሊያስረክበው ወስኗል። የባሪያ ቃል ሳይገረፍ አይሰማም፤ ከገራፊዎቹ እጅ በእግሩ የወጣ ባሪያ ደግሞ በኦስቲያ አልታየም።

ከከተማው ጥበቃ ጓድ የተላከው መርማሪ ኦፌላ ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት አገልግሏል። ፊደል የለየው ጎልማሳ ሆኖ ነው። ትናንት እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች አለቃ ሆነው ሲሾሙ ከኋላ ቆሞ ያጨበጭባል። ከኋላ የቆመ ሰው አንድ ነገር ይማራል፦ ማን ከልቡ እንደሚያጨበጭብ፣ ማን እጁን ብቻ እንደሚያጋጭ አይጠፋውም።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ዓይኑ ደም ሞልቷል፤ በተጣለበት ጨርቅ ታፍኗል ማለት ነው። ዝንብ አፉን ወሮታል፣ መዳፉ ላይ ግን አንድ ሁለት ብቻ። ኦፌላ መዳፉን ነካው፤ አይጣበቅም። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። በእጁ መስመሮች ውስጥ ቀላ ያለ ነገር ደርቋል።

«ትሮፊሞስ፣ ና እስቲ። አንጀቱን ስንት ቦታ ቋጠርከው?»

«አንድ ቦታ ጌታዬ።»

«አሁን ሦስት ቋጠሮ አለው።»

ባሪያው ጎንበስ ብሎ አየ። «እኔ አይደለሁም። አንድ ጊዜ አስሬ፣ ጨርቁን ጥዬ፣ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ።»

«ሌሎቹስ?»

«አባታችን፣ ናታና ቱቤሮ ብቻ ነበሩ፤ ልብሳቸውን ሊቀይሩ የየራሳቸው ጓዳ ገቡ። አዳራሹ ባዶ ነበር።»

«ማዕዱ ላይ ያለውን ወይን ማን ቀዳው?»

«ማንም። እስከ አንገቱ ሞልቼው ነበር።»

ኦፌላ ሄዶ ማሰሮውን አነሣው። አራት ጣት ያህል ጎድሏል። ከጉድጓዱ አፋፍ ያለው የውሃ ጋን ግን ጢም እንዳለ ነው። የችቦው ጥላሸት እንደ ስስ ቆዳ ውሃውን ሸፍኖታል፤ የትም ቦታ አልተቀደደም።

ናታ በዋሻው ማዕረግ ወታደር ነው፣ በኑሮው ጀልባ ጠጋኝ።

«ልዋሽህ እንዴ? ደስ ብሎኛል» አለ። «የዓሣ ሻጯን ልጅ እኔ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼ፣ እሱ በአንድ ገበያ ቀን ወሰዳት። ሳቁ ነዋ! ሰው ሲስቅለት ሁሉም በር ይከፈትለታል።»

«ገደልከው?»

«ባደርገው ኖሮ ጠጅ ቤት ገብቼ አወራው ነበር።» ይህን ብሎ ጋኑ ላይ አጎነበሰ፤ በሁለት እጁ እየጨለፈ ፊቱን ታጠበ። ጥላሸቱ ተበጣጠሰ።

ኦፌላ ቱቤሮን ሲያናግረው አንድ ዋንጫ ውሃ ዘረጋለት።

«ጠጣ እንጂ። ሙቀቱ አይቻልም።»

«እዚህ ውስጥ ውሃ ነክቼ አውቃለሁ? አንበሳ የእሳት ወገን ነው። አንተ ምን ታውቃለህ!»

«እውነትህን ነው፣ ብዙም አልተማርኩ። አንበሳ ከሆንክ ስንት ዓመትህ ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ሄርማድዮንስ ከገባ?»

«ሦስት። ሦስት ብቻ! ጸሎቱን እንኳ አያውቀውም። ሲረሳው ይቀልዳል፣ አባታችን በሳቅ ይፈርሳል። እኔ አንዲት ቃል ብስት ዓመቱን ሙሉ ይነሣብኛል።»

ስካፑላ ጉልበቱ አልቋል፤ ደረጃውን የሚወርደው ሁለት ሰው ደግፎት ነው። ግድግዳው ላይ ወደተሳለው ሥዕል አመለከተ። አምላኩ በሬውን ሲያርድ፣ ከበሬው ጅራት ደግሞ የስንዴ ዛላ ሲወጣ ይታያል።

«ያ ደም ካልፈሰሰ ያ እህል የለም። እኔም መሄጃዬ ደርሷል፤ ሄርማድዮን በወንበሬ እንዲቀመጥ ወስኜ ነበር።»

«ለማን ነገሩት?»

«ትናንት ራት ላይ ለሁሉም። ቀድሞ ያጨበጨበው ቱቤሮ ነው፤ ጨዋ ሰው።»

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል የዳኛው ሰዎች ደረጃው ላይ ቆሙ። አንደኛው ሰንሰለት ይዟል። ኦፌላ አራቱንም በድንጋይ አግዳሚው ላይ አስቀመጣቸው።

«ሰውዬው ሲታፈን ታግሏል፤ አንጀቱን በጥሶታል» ብሎ ጀመረ። «ገዳዩ መልሶ ቋጠረው፤ አምላክ እንቢ ያለው እንዲመስል። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እኔም ባልደረስኩበት ነበር። ግን አላስቻለውም። የሟቹን መዳፍ ከፍቶ ማሩን አጠበው።»

«ለምን ብሎ?» አለ ናታ።

«ሌባ አያደርገውም። በሴት የተጣላ ሰውም አያደርገውም፤ እሱ የሚፈልገው መሞቱን ነው። ይህን የሚያደርገው ማሩ አንበሳ እንደሚያደርግ ከልቡ የሚያምን ሰው ነው። ሞቶም እንኳ አንበሳ ሆኖ እንዳይሄድ የፈለገ።»

ናታ ወደ ሬሳው መዳፍ ተመለከተ።

«ታዲያ በምን አጠበው? የውሃው ጋን ከጉድጓዱ ክንድ አይርቅም፣ ጥላሸቱ ግን አልተነካም። አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ የወይኑን ማሰሮ አምጥቶ፣ በወይን አጠበው፤ መዳፉን አሽቱት። ልብ በሉ፤ ሰው ገድሎ፣ ሰው እንዳያየው እየተንቀጠቀጠ፣ ውሃ አጠገቡ እያለ ወይን ፍለጋ የሚሄድ ማነው? ትሮፊሞስ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲቀዳ ይውላል። ናታ ፊቱን ሲታጠብበት አይቻለሁ። አባት ጉድጓድ መውረድ አይችሉም። እዚህ ውሃ የማይነካ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰው መግደሉን ደፍሯል፤ ሥርዓቱን ማፍረሱን ግን አልደፈረም።»

ቱቤሮ አልካደም። ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ሥዕሉ ጮኸ።

«በሬው እኔ ነኝ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታረድኩት እኔ ነኝ! ሌላው በእኔ ደም ይበቅላል፣ ሌላው ይነሣል፣ እኔ አጨበጭባለሁ! አባቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ስሜን ጠርተህ ስቀህ ታውቃለህ?»

ኦፌላ የቱቤሮን ክንድ ሲይዝ እጁ ለስላሳ ነበር፤ የሚጠላውን ሰው የያዘ አይመስልም። ሰንሰለቱ የታሰበለትን እጅ ትቶ የሌላውን አሰረ። የእግራቸው ኮቴ ከደረጃው ላይ ጠፋ።

ናታ ሬሳውን ሸፈነው። ስካፑላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ተመስገን፤ ነፃ ወጣህ ትሮፊሞስ። በል፣ ወንድሞችህ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሱም። እንጀራውን አቅርብ።»

ትሮፊሞስ ከግድግዳው ሥር ተነሣ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ዋሻ ውስጥ ሽማግሌውን የሚጠራው እንደ ሌሎቹ ሁሉ «አባቴ» ብሎ ነበር፤ ደንቡም ከደረጃው በታች ባሪያና ጌታ የለም ይላል።

«እሺ፣ ጌታዬ» አለ።

ስካፑላ ሊያርመው አፉን ከፈተ። የባሪያውን ፊት አየና መልሶ ዘጋው።