ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚያውቀው ሰው

ቴክላ ከመርከብ ወርዳ የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ በገባች ዕለት ባሏንና ልጇን የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ራይንን ላኩልኝ» አለቻቸው።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከባሏ ከዊናንድ ጋር «ጽናት» በምትባለው የጭነት መርከባቸው ላይ ኖራለች። ከሮተርዳም እስከ ባዝል ያለው የራይን ወንዝ ለእሷ እንደ ግቢዋ ነበር። ልጇን ያኮባን የወለደችውም እዚያው መርከብ ላይ ነው። ልጅቷ ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ውሃ ውስጥ እንዳትገባባት ወገቧን በገመድ አስራ አሳድጋታለች። አሁን ግን ሐኪሞቹ ጥድ ጫካ መሃል፣ ሰገነት ላይ ተኝተሽ ቢያንስ ሁለት ዓመት ንጹሕ አየር ሳቢ አሏት። ከሕመሙ ይልቅ እንቅልፍ የነሳት የአልጋዋ አለመንቀሳቀስ ነበር።

ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዘጠነኛው ዓመት ነው። ያኮባ ሃያ ዓመቷ ነበር። የእናቷን ሥራ ወረሰች፤ ገመድ ትወረውራለች፣ ወለል ታጥባለች፣ የአተር ሾርባ ትሠራለች፣ አባቷ ሲደክመው የመርከቧን መሪ መዘውር ትይዛለች። በዚህ ሁሉ ላይ ካሜራ ጨመረችበት። ሣጥን የምትመስል፣ ደረት ላይ አስደግፈው ከላይ ወደ ታች የሚያዩባት ካሜራ ናት፤ አንዱ ፊልም ስምንት ፎቶ ብቻ ያወጣል። የደረሱበት ወደብ ፎቶ ቤት እያሳጠበች፣ ከየፎቶው ጋር ታሪኩን በረጅሙ እየጻፈች ለእናቷ ትልካለች።

የእናቷ መልስ ቀጣዩ ወደብ ላይ ቀድሞ ይጠብቃታል። «የኮሎኝ ፎቶ ደረሰኝ» ትላለች። «ሰገነቱ ላይ ስምንት ሴቶች ነን። ፎቶዎቹን ብርድ ልብሴ ላይ በተራ ደርድሬ ታሪክሽን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ስድስት ቁጥር አልጋ ላይ ያለችው ወንዝ ይህን ያህል ይሰፋል ብላ አስባም አታውቅ፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። አሁን ጠዋት ስንነቃ ‹ደኅና አደርሽ› የሚባል ነገር ቀርቷል። ‹ዛሬ የት ደረስን?› ነው የሚሉኝ።»

ያኮባ ይህን ስታነብ ልቧ ሞላ። ስምንት ሴቶች ተኝተው ሳለ መርከቧን ተሳፍረዋል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ወንዙን የምታየው በስምንት ሰው ዓይን ሆነ። የለመደችው ሁሉ አዲስ ሆነባት፤ የድንጋይ ከሰሉ ክምር፣ የድልድዮቹ ሆድ፣ ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ የሚነሣው ጭጋግ።

አባቷ ግን ያሾፍባታል። «ቀስ በይ፤ ወንዙን አትጨርሽው» ይላታል።

በሚያዝያ ወር ከሰል ጭነው ሽቅብ ሲወጡ ሳንክት ጎዋር ደረሱ። ከዚያ እስከ ቢንገን ያለው ሠላሳ ኪሎ ሜትር የወንዙ ክፉ ቦታ ነው። ተራሮቹ ከግራና ከቀኝ ገፍተው ይገቡና ያ ሰፊ ራይን ጠቦ ይቆጣል። በዚያ መንገድ ካፒቴን ሁሉ መዘውሩን ለአገሩ ልጅ፣ ለመንገድ መሪ ያስረክባል። ባለጀልባው ሽማግሌ ቬልተን እንደ ወትሮው መንገድ መሪውን ይዞ ተጠጋ። ዘሎ የወጣው ግን የሚያውቁት አዛውንት አልነበረም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮዎቹ ከባርኔጣው ሥር ተገትረው የሚታዩ ወጣት ነው። ሎታር ይባላል፤ በዚያው መንገድ መሃል የምትገኘው የካውብ ከተማ ሰው።

መዘውሩን እንደያዘ ያኮባ ካሜራዋን አስደግፋ ፊቱ ተደቀነች።

«ዞር በይ» አላት ሳያያት። «ጋርደሽኛል።»

«እርስዎም እኔን ጋርደውኛል። ተራራውን ላነሳ ነበር።»

ይሄኔ ቀና ብሎ አያት። «ለምንሽ ነው?»

«ለእናቴ። ታማ ተኝታለች። ወንዙን ላኩልኝ ብላናለች።»

ሎታር በአገጩ ወደ ውሃው ጠቆመ። «እንግዲያው ተራራውን ተይው፤ ተራራ ሁሉም ያያል። ከቀኝሽ ውሃው ትንሽ የተጨማደደበት ይታይሻል? ከሥሩ ሁለት አለቶች አሉ። ‹ሁለቱ አማቶች› እንላቸዋለን፤ መሃላቸው የገባ በሰላም አይወጣም።»

ዊናንድ ሚስቱ ከወረደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ።

«አይተዋቸው ያውቃሉ?» አለች ያኮባ።

«ማንም አላያቸውም። አባቴ ነገረኝ፤ ለአባቴ ደግሞ አባቱ። ያ ደግሞ ‹ዳቦ ጋጋሪው› ነው፤ የመርከብ ሆድ ይልጣል። እዚያ ጋ ‹እማማ ዝም በይ› አለች፤ ከላይዋ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፣ እሷን ነው መፍራት።»

ያኮባ ይህን መንገድ ሃምሳ ጊዜ ብታልፈውም ይህን አታውቅም ነበር። ለካ ከእግሯ ሥር ስም ያለው፣ ጠባይ ያለው፣ የሚፈራና የሚከበር ሙሉ አገር ኖሯል! ሰውነቷን አንዳች ነገር ወረራት። ሰውየው የማይታየውን እያየ መርከቧን በመርፌ ቀዳዳ እንደሚያልፍ ክር ያሳልፋታል፤ ጣቶቹ መዘውሩ ላይ እምብዛም አይጨብጡም። አፏን ከፍታ ስታየው ቢንገን ደረሱ። እሱም ሊወርድ ሲል ዞር ብሎ ትክ ብሎ አያት።

በሳምንቱ ስትራስቡርግ ላይ የእናቷ ደብዳቤ ጠበቃት።

«የተራራውን መንገድ ስምንት ፎቶ ልከሽልኛል። ተራራው የታለ? በስምንቱም ያየሁት የአንድ ሰው ጆሮ ነው። ሰባት ቁጥር አልጋ ሚስት እንዳለው ጠይቂልን ብላለች። እኔ ምንም አላልኩም።»

ያኮባ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

ሚስት አልነበረውም። በዚያ በጋ «ጽናት» በሳንክት ጎዋርም በቢንገንም በመጣች ቁጥር ዘሎ የሚወጣው እሱ ሆነ። መንገድ መሪዎች የሚሄዱት በተራ ስለሆነ ይህ እንዲያው የሚሆን ነገር አይደለም። ምስጢሩን ያፈረጠው ባለጀልባው ቬልተን ነው።

«ስሚ ልጄ» አላት ከጀልባው ሆኖ። «ይሄ ልጅ ያንቺን መርከብ ለማግኘት ሁለት ተራውን ለሰው ይሰጣል። በዚህ ከቀጠለ በረሃብ ይሞትብናል። ወይ አግቢው፣ ወይ ሾርባ አብዝተሽ ስጪው!»

«አጎቴ፣ ጀልባህን ቅዘፍ!» አለ ሎታር ጆሮው እስኪቀላ።

በመስከረም አንድ ጠዋት ጭጋግ ወርዶ ካውብ ፊት ለፊት መልሕቅ ጣሉ። ሎታር ጭጋጉ እስኪነሣ ቤቱን ላሳይሽ አላት። ወንዙ ዳር ያለች ባለ ሦስት ክፍል ቤት ናት። መስኮቱ ጋ ጎን ለጎን ቆሙ። ከታች «ጽናት» በጭጋጉ መሃል እንደ ጥላ ትታያለች።

«ከዚህ ሆነሽ መርከብ ሁሉ ሲያልፍ ታያለሽ» አላት። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እዚህ ብትኖሪ ብዬ ነው። ከእኔ ጋር።»

 ያኮባ እሺ ለማለት አፏን ስትከፍት ቃሉ አልወጣ አላት፤ እንቢ ለማለትም አልቻለችም። እጁን ብቻ ያዘች። እሱም አልደገመውም።

የቤቱን ፎቶ ለእናቷ ላከች። «እዚህ አብረን እንኑር አለኝ» ብላ ጻፈች። የመለሰችውን አልጻፈችም፤ አልመለሰችምና።

የእናቷ ደብዳቤ በዚህ ጊዜ ለአባቷ እንጂ ለእሷ አልመጣም። ማንሃይም ላይ አባቷ ፖስታ ቤት ደርሶ ተመለሰ። ቀለምና ጣውላ ይዞ ወደ መርከቧ አፍንጫ ሄደ። ያኮባ ብትከተለው ሰሌዳው ተሰቅሏል። «የምትሸጥ» ይላል።

«አባባ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ሰሌዳ ነው።»

«እሱንማ አያለሁ! ማን ሽጥ አለህ?»

ዊናንድ ብሩሹን አስቀመጠ። «እናትሽ። ልጅቷ በእኛ ምክንያት እንዳትታሰር ብላለች። ሕፃን ሳለሽ በገመድ አስረንሻል፤ አሁን ይብቃ ብላለች። እኔ ደግሞ ብቻዬን መርከብ አልነዳም። ዱይስቡርግ ስንደርስ የሚያያት ሰው ይመጣል።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

 አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ወንዙን ማየት ጀመረ። ትከሻው እንደዚያ ወድቆ አይታው አታውቅም።

ቁልቁል ሲመለሱ ቢንገን ላይ ሎታር ሲወጣ መጀመሪያ ያየው ሰሌዳውን ነው። ፊቱ በራ። ከዚያ ያኮባን አየ፤ ብርሃኑ ጠፋ።

ዊናንድ መዘውሩን ለቆ ወረደ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ደስ አለህ አይደል?» አለችው።

«አንድ አፍታ፣ አዎ። ፊትሽን እስካይ ድረስ።»

«እወድሃለሁ፣ ሎታር። ይህን ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም። አንተን ካየሁ ወዲህ ውሃውን እንኳ እንደ ድሮው አላየውም። ግን እኔ መስኮት ላይ ቆሜ መርከብ ሲያልፍ የምመለከት ሰው አይደለሁም። የማልፈው እኔ ነኝ። እናቴ ሰባት ሴት ይዛ በእኔ ዓይን ትሄዳለች። አንተ ጋ ስቀመጥ እነሱም እዚያው ይቆማሉ።»

ሎታር ዓይኑን ከውሃው አላነሣም። ‹እማማ ዝም በይ›ን አለፉ። ‹ሁለቱን አማቶች›ም አለፉ። ገደሎቹ ከግራና ከቀኝ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቆመው ነበር፤ ፀሐይ ጫፋቸው ላይ ብቻ ቀርታለች።

«ከሳንክት ጎዋር በታች ምን አለ?» አለ በመጨረሻ።

ያኮባ የሚቀልድ መሰላት። «ሄደህ አታውቅም?»

«አንዴ በባቡር። ባቡር ወንዝ አያሳይም። እኔ የማውቀው ይህን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። እዚህ አዛውንቱ ካፒቴን ሁሉ መዘውሩን ለቆልኝ ዞር ይላል። ከዚያ በታች ግን…» መዘውሩን በቀስታ አዞረ። «ከዚያ በታች እኔ ማን ነኝ? ይሄን ነው የምፈራው። ‹ነይ› ያልኩሽ ‹ልምጣ› ማለት ፈርቼ ነው።»

 እንዲህ እውነቱን አውጥቶ የነገራት ሰው አልነበረም። ልትነካው ፈለገች፤ መዘውሩን ይዟልና ተወችው።

ሳንክት ጎዋር ደረሱ። የቬልተን ጀልባ ተጠጋች። ዊናንድ መጥቶ መዘውሩን ተረከበ። ሎታር ደረጃውን ወርዶ ጠርዙ ጋ ደረሰ። ያኮባ ልታየው አልፈለገችም፤ ግን አየችው። ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ና እንጂ!» አለ ቬልተን። «እግርህ ተጣበቀ?»

«ሂድ፣ አጎቴ።»

«ምን?»

«ሂድ። ተራዬን ለሚቀጥለው ስጥልኝ። ለእናቴም እጽፋለሁ በላት።»

ቬልተን መቅዘፊያውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ሎታርን አየ፣ ያኮባን አየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀ። ጀልባዋም እየራቀች ሄደች።

ከላይ የዊናንድ ድምፅ መጣ። «አንተ ልጅ! ጀልባህ አመለጠችህ።»

«አውቃለሁ፣ ካፒቴን።»

«ከዚህ በታች መንገድ መሪ አያስፈልገኝም።»

«መንገድ መሪ አይደለሁም። ከዚህ በታች ምንም አላውቅም። ግን ሁለት እጅ አለኝ፤ እርስዎ ደግሞ ሰው ጎድሎብዎታል።»

ዊናንድ ረጅም ጊዜ አየው። «ወለል አጥበህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ገመድ መወርወርስ?»

«ለእኔ ነው የሚወረወርልኝ።»

«ጉድ ነው!» አለ ዊናንድ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ሴት ልጁ ዞረ። «ያኮባ፣ ነይ መዘውሩን ያዢ። እኔ ይችን ሰሌዳ አውርጄ ለዚህ ሰውዬ ባልዲ ላሳየው። ሰባት ቁጥር አልጋ እንደሁ በደስታ አልጋዋን ትሰብራለች።» ደብዳቤዎቿን ሁሉ ሲያነብ ኖሯል ለካ!

ያኮባ መዘውሩን ያዘች። እየሳቀች ታለቅሳለች። ከታች ካፒቴን ሁሉ መዘውሩን የሚለቅለት ያ ሰው እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ብሩሹን አጣሞ ይዞ ወለል ይፈትጋል። እንዲህ ያማረ ሰው አይታ አታውቅም።

ቁልቁል ወርደው ቦፓርድ ከተማ ደረሱ። እዚያ ወንዙ ድንገት ተጠምዞ ትልቅ ክብ ይሠራል። ተራሮቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየሸሹ ሰማዩ ይከፈታል፤ ውሃው ተዘርግቶ ሙሉውን የማታ ብርሃን ይሸከማል። ሎታር ቀና አለ። ባልዲው በእጁ እንደተንጠለጠለ፣ ውሃው ጫማው ላይ እየፈሰሰ፣ ፈዞ ቀረ።

«ኧረ ወለሉ!» ብሎ ጮኸ ዊናንድ። «ግማሹ አልታጠበም!»

«ተወው፣ አባባ» አለች ያኮባ ከላይ ሆና። «ትንሽ ይይ።»