ሦስት ሰው የያዛት ልጅ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሰዒድና ቀመሪያ የሚባሉ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ሀብታቸው አንድ ጠባብ የጨርቅ ሱቅና ሂክማ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሂክማ ደረጃውን በዘፈን ትወርዳለች፣ በክርክር ትወጣለች። ከወራቤ የመጣችው የሰዒድ ታናሽ እህት ሀኒፋ አብራቸው ትኖራለች። ከሥራቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ የሚኒባስ ሹፌሩ ሁንዴሳና ሚስቱ ሸጊቱ አሉ። ስኳር ሲያልቅ የሚበዳደሩ፣ ውኃ ሲመጣ አንዱ የአንዱን በር የሚያንኳኩ ጎረቤታሞች። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ክፉውን ምረጥ ብትባል፣ አንባቢ ሆይ፣ የቱን ትመርጣለህ? እኔም ቸግሮኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤተሰቡ ጎፋ ለኒካህ ተጠርቶ ወጣ። አስፋልቱ ዳር ቆሙ። ከዚያ የፍሬን ድምፅ መጣ፤ ከድምፁ በኋላ ሂክማ አልነበረችም። ከሚኒባሱ የወረደው ሹፌር ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ። ሁንዴሳ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ ሰዒድ፣ ቀመሪያና ሀኒፋ ለየብቻ ቃላቸውን ሰጡ። ሳጅኑ የጠየቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልጅቷን የያዛት ማን ነበር?» ሰዒድ አሰበ። የለቀቀቻት እናቷ ናት፤ ይህን በአፏ ከተናገረች ደግሞ ትሞትብኛለች። «እኔ ነበርኩ» አለ። ቀመሪያ አሰበች። የለቀቀቻት ሀኒፋ ናት፤ ገና ልጅ ናት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ተሸክማ እንዴት ትኖራለች? «እኔ ነበርኩ» አለች። ሀኒፋ ደግሞ የለቀቃት ወንድሟ ነው ብላ አሰበች፤ እሷም «እኔ ነበርኩ» አለች። ፍቅር እንዲህ አድርጎ ሲዋሽ ማን ሐሰት ይለዋል?

ለቅሶው ሌላ ግራ መጋባት ነበር። የብሎኩ እድር በወረፋ ነው የሚሠራው፤ የዚያ ወር የወጥ ቤት ተረኛ ሸጊቱ ነበረች። ባሏ ጣቢያ ታስሮ፣ እሷ ድንኳኑ ጓሮ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሊከለክሏት ያሰቡ ሴቶች ነበሩ፤ ቃሉን አጡለት። ቀመሪያ አንዴ ብቻ ወጥታ አየቻት።

«ሸጊቱ፣ ተይው በቃ።»

«ተረኛ ነኝ እኮ» አለች ሸጊቱ፣ ቀና ሳትል። «ደግሞ የት ልሂድ? እቤት ማን አለ?»

ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አነበበና ተገረመ። ሕፃን ያላት ሁለት እጅ ነው፤ እዚህ ሦስት ሰው ይዟታል። ቢሆንም ሦስቱ ቃሎች አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል፤ ልጅቷ ተይዛ ነበር። የተያዘች ልጅ ደግሞ ዘላ መንገድ አትገባም። እንግዲያው ሹፌሩ ነው ሰዎቹ ላይ የነዳው ብሎ ክሱን አከበደው። ሦስቱ እርስ በርስ ሊሸፋፈኑ የዘረጉት ምሕረት ዞሮ ዞሮ የሁንዴሳ አንገት ላይ ገመድ ሆነ...

ፖሊስ ጣቢያ መዋሸት ይቻላል። ፍርድ ቤት ቁርኣን ላይ እጅ ጭኖ ግን እንዴት ይሆናል? ቀመሪያ ማለች። ዳኛው ጠየቋት።

«ልጅሽን በየትኛው እጅሽ ነበር የያዝሽው?»

ቀመሪያ ሁለት እጆቿን ዘርግታ የሰው ዕቃ እንደሚያይ አየቻቸው። «ክቡር ፍርድ ቤት... በሁለቱም ትሪ ይዤ ነበር።»

«ልጅሽንስ?»

«ሀኒፋ ይዛታለች ብዬ።»

ሀኒፋ ተጠራች። ቀሚሷ ጭቃ እንዳይነካው በሁለት እጇ ሰብስባ ነበር፤ ወንድሟ የያዛት መስሏታል። ሰዒድ ተጠራ። መኪና ሊጠራ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነበር፤ እናቷ ይዛታለች ብሏል። ዳኛው መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጡ፣ ወደ ፊት ገለጡ፣ እንደገና ወደ ኋላ። ሦስት ሰው የያዛትን ልጅ ማንም አልያዛትም።

የሁንዴሳ ጠበቃ ብድግ አለ። «ሕፃኗ በድንገት የገባች በመሆኑ ደንበኛዬ በነፃ ይሰናበትልኝ።» ሸጊቱ ከኋላ ወንበር ላይ ዐይኗን ጨፈነች። በቃ፣ ባሏ ሊመጣላት ነው።

«አይቻታለሁ» አለ ሁንዴሳ።

ጠበቃው ኮቱን ጎተተው።

«ተወኝ ወንድሜ። ጌታዬ፣ ከሩቅ አይቻታለሁ። ሦስት ትልልቅ ሰው አጠገቧ ቆሟል። አንዳቸው ይዟታል ብዬ... ፍጥነት አልቀነስኩም።»

በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ፤ ቅጣቱ በገደብ ሆነለት። የመኪናው ባለቤት፣ በዚያች ሰዓት ቤቱ ተኝቶ የነበረው ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም ካሣ ትጠየቃለህ ተባለ። ነቅተው መንገድ ዳር ቆመው የነበሩትን ሦስቱን ግን የጠየቃቸው የለም። እነሱ ይህን ምሕረት ነው ብለው ይውሰዱት ወይስ ቅጣት?

ግቢው ውስጥ ቀመሪያ ሹፌሩን ጠበቀችው። ሰዒድ ክንዷን ሊይዝ ሞከረ፤ እሷ ግን አስለቀቀችው።

«ሁንዴ፣ አየኋት ነው ያልከው?»

«አዎ፣ የሂክማ እናት።»

«እኛ አላየናትም። የአንዳችንም ዐይን እሷ ጋ አልነበረም... ልጄ ምን ታደርግ ነበር?»

«ያ የደበዘዘው ዜብራ አለ አይደል፣ ፖሊስ በአደጋው ፕላን ላይ የለም ያለው? እሷ አይታዋለች። ነጭ ነጩን ብቻ እየረገጠች ትዘል ነበር። እየሳቀች።»

«ስንቱን ረገጠች?»

«አራቱን። አንድ ነበር የቀራት።»

ቀመሪያ የሹፌሩ ደረት ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ሸጊቱ ደግሞ ከኋላ ሁለቱንም አቀፈቻቸው። ማን ማንን እንደሚያጽናና ለአላፊ አግዳሚው ግልጽ አልነበረም። ዕጣ ፈንታ ነው ይላሉ ሰዎች፣ ሌላ መልስ ሲያጡ። ሕጉ ለሹፌሩም ለባለመኪናውም አንቀጽ አግኝቶላቸዋል። ለዚያች ለቀረችው አንዲት ነጭ መስመር የሚጠየቀው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ካለ ግን፣ እባካችሁ፣ ጀሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ለቀመሪያ ይንገራት።