በግራ እግሯ የምትገፋው

የሞክሶም መንደር ሴቶች ባህሩ ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚሄዱት በሳንቃ ነው። አንዱን ጉልበት ሳንቃው ላይ ያንበረክካሉ፤ በሌላው እግር እየገፉ ይንሸራተቱና የሚበላ ዛጎል ይለቅማሉ። ሁሉም የሚገፉት በቀኝ ነው። ፒልሬ ብቻ በግራ። እናቷ «ይቺ ከማህፀኔም በግራ ነው የወጣችው» ትል ነበር። ፒልሬ ፊደል አልቆጠረችም። ፊደል የቆጠሩት ግን ጭቃው ላይ ወጥተው እስከ ወገባቸው ሲሰምጡ አይታ ብዙ ስቃለች።

ዛጎሉ እየመነመነ ሲሄድ መንደሩ የምሥራቁን ጭቃ ለሦስት ዓመት አሳረፈው። ዙሪያውን ቀርከሃ ተከሉበት። ውስጡ የሚያድገው የዛጎል ዘር ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም፤ ሳንቃ ከሄደበት ይደቃል። የሄደችበት ሴት ሳንቃዋ እገዳው እስኪነሳ የመንደሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጠባቂውም ከባህሩ ማዶ የመጣ፣ በመንደሩ ዘመድም አማችም የሌለው እንዲሆን ተቆረጠ።

«ዘመድ ያለው ዘበኛ አንድ ዓይኑ ይተኛል» አለች የሴቶቹ አለቃ እትዬ ሱንዶክ።

ማንሶክ የመጣው እንዲህ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጆሮው ቶሎ የሚቀላ።

«አንተ ዘበኛ! የምትጠብቀው እኛን ነው ወይስ ጭቃውን?» ትለዋለች ፒልሬ እሱ ከሚቆምበት የባህር ግድብ ሥር ስታልፍ።

«ጭቃውን።»

«ታዲያ ዓይንህ እኔ ላይ ምን ይሠራል?»

ጆሮው ይቀላል። ሴቶቹ ይንከተከታሉ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከዚህ የዘለለ አልተባባሉም። አንድ ቀን ትኩስ ስኳር ድንች ግድቡ ላይ ትታለት ሄደች። በማግስቱ የተሰነጠቀው የሳንቃዋ ጠርዝ ተጠግኖ ቆያት። ሁለቱም ዝም። ቢናገሩ እሱ ከሥራው ይነሳል፤ ለጭቃው የሚታመን ሌላ ሰው ደግሞ ከሰማይ አይወርድ!

በሦስተኛው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ጉም ወረደ። ፒልሬ ዛጎል ዛጎሉን ስትል ከሁሉም ርቃ ነበር። ባህሩ ዞሮ መጣ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ነካት። የቱ ጋ ግድብ፣ የቱ ጋ ባህር፣ ጠፋት። በዚህ መሃል የማንሶክን የናስ ደወል ሰማች። ወደ ድምፁ ገፋች። ቀርከሃዎቹ በቀኟና በግራዋ ሲያልፉ አየች። ዞራ ልምጣ ብትል ውሃው ይቀድማታል። ሄደችበት።

ማንሶክ እጇን ይዞ ግድቡ ላይ ጎተታት። ደወሉን ሲመታ መዳፉ ተልጦ ደም በደም ሆኗል።

«በዘሩ ላይ ነው የመጣሁት» አለች።

«አውቃለሁ። የጠራሁሽ እኔ ነኝ።» ባህሩን አየ። «ዱካሽን አሁን ይውጠዋል።»

እትዬ ሱንዶክ በየቀኑ፣ ሴቶቹ ሁሉ ከጭቃው ሲመለሱ፣ በሁሉም ፊት የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት።

«ማንሶክ፣ ጭቃው ደህና ነው?»

ሁልጊዜ «ደህና ነው» ይል ነበር። ያን ቀን አፉን ከፈተና ቆመ። ፒልሬ ጆሮውን አየች፤ በርበሬ መስሏል። ሊዋሽ ነው። ለእሷ ሲል ሊዋሽ ነው! ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። የዚህ ሰው ሀብቱ ቃሉ ብቻ ነው። ቃሉ ከረከሰ ቀርከሃውን ማን ይፈራል?

«ደህና አይደለም፣ እትዬ» አለች ቀድማው። «እኔ ሄጄበታለሁ።»

«አብደሻል?» ጮኸች እናቷ። «ጉም ነበር'ኮ! ትሙት ነው የምትሉት?»

«እማዬ፣ ዛሬ ለእኔ ጉም ከተፈቀደ፣ ነገ ሁሉም ጉም ጉም ይታያቸዋል።»

ሳንቃዋን ራሷ ተሸክማ ሄዳ፣ ራሷ ሰቀለችው።

እናቷ አሥራ አንድ ቀን አኮረፈቻት። ፒልሬ ብርዱን የሰው ዛጎል ስትፈለፍል ከረመች። ማንሶክ አንድ ጊዜ ብቻ በደጃፏ አልፎ «ለምን?» አላት።

«ውሸት አይሆንልህም። ጆሮህ ያጋልጥሃል።» ከዛጎሉ ቀና ሳትል ጨመረች፦ «ለደወሉ ግን እግዜር ይስጥልኝ።»

የፕለም አበባ ሲፈነዳ ቀርከሃው ተነቀለ። እትዬ ሱንዶክ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀች።

«ማንሶክ፣ ጭቃው ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እትዬ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።»

«ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ተሄደብኝ።»

«ማነች የሄደችብህ?»

ጆሮው እየነደደ «በግራ እግሯ የምትገፋ ናት» አለ።

ግድቡ በሳቅ ተናወጠ። የፒልሬ እናት ሳቋን ልትውጥ ሞክራ አቃታት። «ቀርከሃው ሲነቀል ዘበኛነቱም አብሮ ተነቅሏል። ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሂድና ሳንቃዋን አውርድላት!» አለችው።

አወረደላት። ፒልሬ እጇን ጭቃው ውስጥ ስትከት ዛጎሉ እንደ ጠጠር ጣቷን ሞላው። የመጀመሪያውን እፍኝ እንደ ወጉ ለጭቃው መለሰች። ማንሶክም ሳንቃ ልሞክር አለ፤ ሦስት ክንድ ሳይሄድ እስከ ወገቡ ሰመጠ።

«አንተ ደግሞ ፊደል ቆጥረህ ነበር እንዴ?» አለችውና እጇን ዘረጋችለት። እስክታወጣው ሳቀች፤ ካወጣችውም በኋላ እጁን አልለቀቀችም።

ዛሬ ፀጉራቸው ነጥቷል። የምሥራቁ ጭቃ በየጊዜው ያርፋል፣ ይሰጣል። ባህሩ ሲሸሽ ሌሎቹ ሴቶች ስለ ጥሩ ፀሐይ ያመሰግናሉ። ፒልሬ ግን ስለ ጉሙ ታመሰግናለች።