የጋሽ ወፍራም ግራ እግር

ጋሽ ወፍራም ሰኞ ጠዋት ከቤተ ሙከራው ጠፍቶ ተገኘ።

መጀመሪያ ያየው ዘበኛው ነው። በሩን ገፋ አደረገው፤ ክፍት ነው። የብረት መቆሚያው ባዶውን ተገትሯል። ዘበኛው ወዲያው ፖሊስ ጣቢያ ደወለ።

«ጋሽ ወፍራም የለም» አለ።

«ዕድሜው?» አለ ስልኩን ያነሳው ፖሊስ።

«ምኑ ይታወቃል።»

«ምን ለብሷል?»

«ኧረ ምንም። ራቁቱን ነው።»

ፓትሮሉ ስሙን ብቻ ይዞ ከተማውን አመሰው። ዳቦ ጋጋሪውን፣ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊና አንድ የሠርግ ዘፋኝ አፍሶ መጣ። ሦስቱም ልብስ ለብሰዋል፤ ግን ውፍረታቸው አጠራጠረ። የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ያን ጠዋት ተሸከማቸውና እስከ ዛሬ ጎብጦ ቀርቷል።

ነገሩን የያዘው ሳጅን ጉንፋን ነው። ክረምት ከበጋ ስለሚያስነጥሰው ነው ስሙ የወጣለት፤ እሱ ሲያስነጥስ የጎረቤት በር ይከፈታል። ትምህርት ቤቱ ደርሶ የሳይንስ መምህርቷን አስጠራት።

«የጠፋው ወፍራም ሰውዬ ምንሽ ነው?»

«አጽም ነው፣ ሳጅን። የፕላስቲክ አጽም። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው።»

ሳጅኑ ሬዲዮውን አንስቶ ሦስቱ ሰዎች ይቅርታ ተጠይቀው እንዲለቀቁ አዘዘ።

«ለፕላስቲክ ነው ያስመጣችሁኝ?»

«ለፕላስቲክማ አላለቅስም ነበር» አለች መምህርቷ።

አጽሙ ከማይክሮስኮፕ፣ ከማግኔትና ከሽቦ ጋር በሣጥን የመጣ የለጋሾች ስጦታ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሣጥኑን እንደታሸገ ክፍል ውስጥ ቆልፎ «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጠፈበት። ተማሪዎቹ ማግኔትን የሚያውቁት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነው። የጠመኔ ማግኔት ደግሞ ሚስማር አይስብም። ይቺ መምህርት መጣች፤ ወረቀቱን ቀደደች፤ ሣጥኑን ከፈተች። ልጆቹ ጋሽ ወፍራምን እየፈቱ መግጠም ተማሩ። አሁንማ ዓይናቸውን በሻርፕ ታስረው ይሽቀዳደሙበታል።

ከሰዓት በኋላ ለጋሾቹ ይመጣሉ። አጽሙ ካልተገኘ ክፍሉ ይቆለፋል፣ እሷም ከሥራ ትባረራለች። ርዕሰ መምህሩ ጠዋት ቁልፏን ተቀብሎ በሰው ፊት ነግሯታል።

ሳጅኑ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ።

«በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ የነበረው ማነው?»

«እኔና እሷ። እሷ ግን ጠረጴዛዋ ላይ ጥላው ነው የምትሄደው። እኔ ደግሞ ዕቃ መንካት አልወድም።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ዘበኛውን።»

«ምን አይተውበት?»

«ድሃ ነው።»

«እኔም ድሃ ነኝ» አለ ሳጅኑና አስነጠሰው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወረቀት ሁሉ ቦታ ተቀያየረ።

ወዲያው ከሜዳው ሁካታ ተሰማ። አንድ ውሻ ነጭ አጥንት በአፉ ይዞ ይሮጣል። ሳጅኑ ተከተለው። አጥር ዘለለ፤ ሱሪው አጥሩ ላይ ቀረ፣ ማለቴ ግማሹ። አጥንቱን አስጥሎ ሲመለስ ምላጭ የምትባል ተማሪ ጠበቀችው። ምላጭ ያሏት ምላሷን አይተው ነው። አጥንቱን ከእጁ ወስዳ ገላበጠችው።

«የበሬ ነው፣ ሳጅን። የኛ ሰውዬ ብሎን አለው።»

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ሩጫዎ ያምር ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ ከኋላ መጣ። «ለምን በውሻ ትደክማለህ? የዘበኛውን ጎጆ ፈትሽ።»

መምህርቷና ዘበኛውም ባሉበት ጎጆውን ፈተሹ። ጋሽ ወፍራም በዘበኛው የዝናብ ካፖርት ተሸፍኖ ጥግ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«አላልኩም?» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። «ልጄ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ እኔ አላመጣሁትም።»

«አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለ ሳጅኑ፣ ካቴናውን እያወጣ።

ምላጭ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጫማውን አቀያይሮ ያደረገ ሕፃን መስሎኝ ነው። አውራ ጣቱን ይዩት፤ ወደ ውጭ ነው። እግሩን አቀያይረውበታል።»

ሳጅኑ በወሬ አያምንም። ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ፣ እግሩን ከአጽሙ እግር አጠገብ ተከለው። የሱ አውራ ጣቶች ጎን ለጎን ሆነው ይተያያሉ። የጋሽ ወፍራም ተኳርፈዋል።

«እንደቆመ ቢሸከሙት ግቢው ሁሉ ያየዋል» አለች መምህርቷ። «ስለዚህ ፈትተው በጆንያ አምጥተው እዚህ ገጠሙት። የገጠመው ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ፣ በራሱ ቀኝ በኩል ያለውን የአጽሙ ቀኝ አድርጎታል። ይሄ የመጀመሪያ ቀን ስህተት ነው። የኔ ተማሪ ከሆነ በእንቅልፍ ልቡም አይሠራውም።»

ሳጅኑ ካቴናውን መልሶ ኪሱ ከተተ። «እግሮቹን ፍቱልኝ። ሁላችሁም ተራ በተራ ትገጥማላችሁ።»

ምላጭ ከመምህርቷ የብሎን መፍቻ ካቻቢቴ ተቀብላ ዓይኗን ጨፍና ገጠመች። መምህርቷ ገጠመች። ዘበኛውም ገጠመ። «የውድድሩ ዳኛ እኔ ነኝኮ» አለ፣ ካቻቢቴውን እየመለሰ።

«ቀጥሎ እርስዎ» አለ ሳጅኑ።

«እኔ?»

«ዕቃ መንካት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ለሕግ ሲሉ።»

ርዕሰ መምህሩ ክራባቱን ወደ ትከሻው ወረወረ። «የልጅ ሥራ» አለና ከአጽሙ ፊት ለፊት በርከክ አለ። ቶሎ ቶሎ ገጥሞ ተነሳ።

አውራ ጣቶቹ እንደገና ተኳረፉ።

ምላጭ በጣቷ ጠቆመቻቸው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ ሳጅኑ።

«እግር መሳሳት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«አልሆነም። ግን በሩ በቁልፍ ተከፍቷል። ጎጆውን ፈትሽ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ እጅዎ መሰከረ።»

ርዕሰ መምህሩ ክራባቱን አስተካከለ። መካዱን ተወው፤ ተቆጣ እንጂ አላፈረም። «ክርኑን እዩት፣ ተፋፍቋል። ለጋሽ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ነው የሚወደው። የሚያብረቀርቅ ካየ ይጨምራል። እነዚህ ግን ያፈራርሱታል። ሌባ ተያዘ ከተባለ ክፍሉን እቆልፋለሁ፤ እሷም ትሄድልኛለች።»

«እና በላስቲክ ጠቅልለው ሊያኖሩት?» አለች መምህርቷ። «ታዲያ ምኑን ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ሬሳ ቤት ይክፈቱ እንጂ።»

ሳጅኑ ክንዱን ያዘው። በቤተ ሙከራው በር ሲያልፉ ርዕሰ መምህሩ ድንገት ቆመና በሩን ዘግቶ ቁልፉን አዙሮ ኪሱ ከተተው። «ጣቢያ እሄዳለሁ። እኔ እስክመለስ ግን ይሄ ክፍል እንደተቆለፈ ይቆያል። አሁንም ርዕሰ መምህሩ እኔ ነኝ።»

ሳጅኑ ጭንቅላቱን አከከ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያንን ቁልፍ መንጠቅ አይችልም። የለጋሾቹ መኪና በር ላይ ጥሩምባ ነፋ።

ምላጭ ካቻቢቴው እጇ ላይ ነው። በሩን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው።

«ቲቸር፣ ማጠፊያው ከነብሎኑ በውጭ በኩል ነው።»

«ትባረሪያለሽ» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ መምህርቷን እያየ።

«እሱን ጠዋት ነግረውኛል።» ወደ ምላጭ ዞረች። «ከታችኛው ጀምሪ። የላይኛውን ካስቀደምሽ በሩ ይንጋደድብሻል። እናንተ ልጆች ደግሞ ኑ፣ በሩን ደግፉላት።»

በሩ ወረደ። ልጆቹ ተሸክመው ሜዳው ላይ በድንጋዮች ላይ እንደ ጠረጴዛ አጋደሙት፤ ማግኔቱን፣ ሽቦውንና ማይክሮስኮፑን አውጥተው ደረደሩበት። ለጋሾቹ ከመኪና ሲወርዱ ጋሽ ወፍራም በተፋቀ ክርኑ በሩ ራስጌ ቆሞ ነበር፤ ምላጭም ግራ እግሩን ፈትታ አንዱን ለጋሽ «ይግጠሙት» ትለዋለች።

«መዝግብ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «በር ሰበሩ በል።»

ሳጅኑ ወደ ሜዳው ተመልሶ በሩ ላይ ጎንበስ አለ። የቁልፉ መቀርቀሪያ ከበሩ ጠርዝ እንደወጣ ነው። በጣቱ ነካው።

«የቱ ጋ ተሰበረ?» አለ። «ይኸው፣ እንዳዘዙት ተቆልፏል።»