ያልተሰነጠቀው ሄልሜት

ደርበው ከብረት መወጣጫው ሥር ተንጋሎ ወድቋል። ነጩ ሄልሜት ራሱ ላይ ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ከሄልሜቱ ሥር የወጣውን ደም ግን አሸዋው እየጠጣው ነበር።

ኸይረዲን ተንበርክኮ ትንፋሹን አዳመጠ። ምንም የለም። ኸይረዲን ከፋብሪካው ሰፈር ከሰናኢያ ዳር በሚሠራው በዚህ ሕንፃ የሠራተኞችን ደህንነት የሚቆጣጠር ወሎዬ ነው፤ ሪያድ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ። አምቡላንሱና ሹርጣው፣ ፖሊሱ፣ መንገድ ላይ ናቸው። ከዳር የቆመው አሠሪ ለሹርጣው የሚያስረክበውን ሰው ከወዲሁ መርጧል፤ እሸቱን።

«ሄልሜቱ ደህና ሆኖ ራሱ ከተፈለጠ፣ የተመታው አውልቆ ሳለ ነው» አለ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሙሀባው። «እሸቱ ብረት ይዞ በእጁ መትቶት፣ ሄልሜቱን መልሶ አጠለቀለት። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሁላችን ሰምተናል።»

እሸቱን ሁለት ዘበኞች ክንዱን ይዘውታል። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም።

«ወላሂ፣ ወንድም ኸይሩ! የመወጣጫው ማያያዣ ብረት ከእጄ አመለጠኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ሄልሜት አድርጓል፣ አይጎዳውም ብዬ… ተርሂል ብለው ወደ አገሬ ይመልሱኝ፣ እሺ። ነፍሰ ገዳይ ካሉኝ ግን አንገቴን ነው የሚቆርጡት።»

«በምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በውሃ። ሻሹን ሊነክርበት የመጠጥ ውሃዬን ደፋብኝ።»

«ሥራው ነው» አለ የቡድን መሪው ነስሩ። «በዚህ ፀሐይ ሁላችንም ሻሽ ነክረን፣ ጠምጥመን፣ ሄልሜቱን ከላይ እንደፋለን። የእሱ ጥምጣም ግን ለብቻው ነው፤ ከሁላችንም ይተልቃል። ክርስቲያኑን ልጅ ‹ሐጂ› ነበር የምንለው።»

ኸይረዲን ሄልሜቱን በቀስታ አወለቀ። ከሥሩ ሻሽ የለም። ከሟቹ ጸጉር ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታህል የፕላስቲክ ስባሪ በሁለት ጣቱ አወጣ።

«ቀድሞ የደረሰ ማን ነው?»

«እኔ» አለ ሙሀባው። «እሸቱ አጠገቡ ቆሞ ነበር።»

«ውሸት ነው! ገና መሰላሉን እየወረድኩ ነበር!» ጮኸ እሸቱ።

«አንተስ ነስሩ?»

«ከሕንፃው ጀርባ ሲሚንቶ ሳስቦካ ነበር። ሙሀባው ጠርቶ፣ አምቡላንስ እንዳስጠራ ወደ ዋናው በር ላከኝ።»

ኸይረዲን ወደ ግምጃ ቤቱ አመራ፤ ሙሀባው ተከተለው። ውስጡ በማቀዝቀዣ ቀዝቅዟል፤ የቀለም ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

«በሩን ቀብቼው ነው» አለ ሙሀባው ሳይጠየቅ።

በሩ ከላይ እስከ ታች ዝጓል።

ከሩቅ ሳይረን ተሰማ። ኢቃማ የሌላቸው ሠራተኞች አጥሩን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር። ኸይረዲን ሁሉንም ጥላ ሥር ሰበሰባቸው።

«ነስሩ፣ ሻሽህን እንደጠመጠምክ ይህን ሄልሜት አድርግ።»

«የሟቹን? አዑዙ ቢላህ!»

«ያላ ወንድሜ፣ ጊዜ የለንም።»

ነስሩ ደፋው። ሄልሜቱ አናቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወዲያው እጁ በራሱ ጊዜ ወደ ማጅራቱ ሄዶ የሄልሜቱን ማላሊያ ቁልፍ አንድ ዙር አዞረ፤ ሄልሜቱ ገባ።

«አያችሁ?» አለ ኸይረዲን። «የደርበው ቢሆን ኖሮ በጥምጣሙ ልክ ሰፍቶ እናገኘው ነበር። ይህ ግን ከካርቶን እንደወጣ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ሄልሜቱ ተለውጧል። ለዋጩ አልገባ ሲለው ሻሹን ፈታ። እሸቱ ቢሆን እጁ ያውቀው ነበር፤ እንደ ነስሩ ያላላው ነበር። ሙሀባው፣ እስቲ መልሰህ አጥብቀው።»

ሙሀባው ተቀበለው። ጠርዙን ዳበሰ፤ የአገጭ ማሰሪያውን ጎተተ፤ ገለበጠው። ቁልፏን አላገኛትም።

«አምስት ዓመት ሄልሜት ስታድል አንድ ቀን ራስህ ላይ አላደረግኸውም» አለ ኸይረዲን። ስባሪዋን መዳፉ ላይ አሳየ። «ውጭዋ ነጭ፣ ውስጧ ቢጫ። ፀሐይ የጨረሰውን አሮጌ ሄልሜት ቀብተህ አዲስ አስመሰልከው። ብረቱ ሲያርፍበት እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ተሰበረ። ስባሪውንና ሻሹን ለቅመህ ደበቅህ።»

አንደኛው ዘበኛ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄዶ አንድ ካርቶን ይዞ ወጣ። ውስጡ የተሰባበረ ሄልሜት በእርጥብ፣ ደም በነካው ሻሽ ተጠቅልሏል።

«አዲሶቹን ለጉብኝት አስቀምጥ፣ አሮጌዎቹን ቀባ ተባልኩ» አለ ሙሀባው ወደ አሠሪው እያየ። አሠሪው ፊቱን አዞረ። «ደርበውን ሳየው ፈራሁ። ልጆች አሉኝ ወንድሜ።»

«እኔስ?» አለ እሸቱ።

ዘበኞቹ የእሸቱን ክንድ ለቀቁ።

ሳይረኑ በር ላይ ደረሰ፤ ኢቃማ ከሌላቸውም የሮጠ ግን አልነበረም። ነስሩ የራሱን ሄልሜት አንስቶ በጥፍሩ ፋቀው። ነጩ ተላጠ፤ ቢጫው ወጣ። አጠገቡ ያለውም ፋቀ። ቢጫ። ከዚያ ሁሉም።

ኸይረዲን ባለፈው ሳምንት እነዚህን ሄልሜቶች አንድ በአንድ አይቶ «ደህና ናቸው» ብሎ ፈርሟል። የራሱን አወለቀና ጥፍሩን ጠርዙ ላይ አሳረፈ። እጁ አልታዘዝ አለው።

«ስጠኝ ወንድሜ» አለ እሸቱ፤ ወስዶም ፋቀለት።